ሊሾው 28 ቀን ሞልቶታል፣ ፓርኬ ይነጠፍ ወይ?

የደረሰኝ ጥያቄ፦ «ደብረ ማርቆስ ቤት እየሰራሁ ነው፣ ሳሎኑና ሁለቱ መኝታ ቤት አንድ ላይ 62 ካሬ ይሆናል፣ ፓርኬ ላስነጥፍ አስቤያለሁ። ሊሾው የተሰራው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው፣ ሰራተኛው 28 ቀን ሞልቶታል ዝናቡ ሳይጠና እንጨርሰው እያለኝ ነው። አባቴ ደንበጫ ያስቀመጠው የዋንዛ ጣውላ አለ 6 ዓመት የሆነው፣ እሱን ፓርኬ ባስወጣውስ? የባህር ዛፉ ይጣመማል ይሉኛል፣ አንዱ ደግሞ የቻይና ፓርኬ በርካሽ አለ ብሎኛል። ለመለጠፊያ ነጭ ኮላ ይበቃል ወይ? ደግሞ ከአርማታው ስር ፕላስቲክ አልተነጠፈም ነበር፣ ችግር አለው?»

በመጨረሻ ጣል ካደረግሻት ልጀምር፣ ከፕላስቲኩ። ሌላው ጥያቄሽ ሁሉ እሷን ተከትሎ ነው የሚፈታው። ቤትሽ መሬት ላይ የተቀመጠ ነው፣ ከአርማታው ስር ድንጋይ ከድንጋዩ ስር አፈር ነው ያለው። የማርቆስ አፈር ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ መርገጫ ሲያሳጣ አንቺው ታውቂዋለሽ፣ ያ ውሃ ደግሞ እዛው ታች አይቀመጥም፣ አርማታ ዓይን የማያየው ቀዳዳ የሞላበት ነገር ስለሆነ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስበው እርጥበቱን ወደ ላይ ይስበዋል። ወለሉን ከላይ ስታዪው ደረቅ ነው፣ ምክንያቱም ላይ የደረሰው እርጥበት ወዲያው ይተናል። እንጨት ስትለጥፊበት ግን መውጫውን ዘጋሽበት፣ ከዛ በኋላ የሚገባው እንጨቱ ውስጥ ነው። ሴራሚክ ብታደርጊ ኖሮ ይሄን ያህል አላስጨንቅሽም ነበር፣ ሴራሚክ እርጥበት ነካኝ ብሎ አያብጥም። እንጨት ግን ተሰንጥቆም ተልጎም ቫርኒሽ ተቀብቶም ውሃ መጠጣቱንና መልሶ መትፋቱን አይተውም፣ ዕድሜ ልኩን። ስለዚህ ችግር አለው ወይ ላልሽው አዎ አለው፣ ግን መላ አለው፣ እመለስበታለሁ።

28 ቀኗ ደግሞ። ይቺ ቁጥር ሳይት ላይ ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም ትደገማለች። 28 ቀን የአርማታ ጥንካሬ የሚለካበት ቀን ነው፣ ናሙናው ላብራቶሪ ሄዶ የሚጨፈለቀው በዛ ቀን ነው፣ በቃ። መጠንከር ሌላ መድረቅ ሌላ። እንደውም ሲሚንቶ የሚጠነክረው በውሃ ነው፣ ሳምንት ሙሉ ውሃ ስታጠጡት የከረማችሁት እኮ ለዛ ነው። ለመድረቁ እኛ የምንይዘው ሂሳብ ሊሾ እስከ 4 ሳንቲ ውፍረት ድረስ ለእያንዳንዱ ሳንቲ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ከ4 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሁለት ሁለት ሳምንት ነው፣ እሱም መስኮቱ ተከፍቶ አየር እየተመላለሰ። ያንቺ ሊሾ 5 ሳንቲ ነው ብንል 6 ሳምንት ይመጣል፣ ግን ከስሩ ያለው አርማታም የራሱን ውሃ ይዞ ነው የተቀመጠው፣ ለሱ በወር 2 ሳንቲ ተኩል ብለሽ ያዢ፣ 10 ሳንቲ ከሆነ 4 ወር ሄደ። እሱም በደህና አየር ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ማርቆስ ላይ እንኳን ሊሾ የታጠበ ጋቢም አይደርቅ።

የእርጥበት መለኪያ ያለው ሰው ካገኘሽ ጥሩ፣ በካርባይድ የሚለካው መሳሪያ ከሆነ የሲሚንቶ ሊሾ 2 ፐርሰንት ወይም ከዛ በታች ማለት አለበት። ካላገኘሽ ወፍራም ግልጽ ፕላስቲክ ሜትር በሜትር ቆርጠሽ ወለሉ ላይ ዘርጊና አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ጥብቅ አድርገሽ ለጥፊው፣ 3 ቀን አትንኪው። ስትከፍቺው ከስሩ ላብ ከቋጠረ ወይ ሲሚንቶው ከዙሪያው ይልቅ ጠቆር ብሎ ከታየ ገና ነው። አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ሳሎን መሃል፣ ግድግዳ ጥግ፣ ከሻወር ቤቱ ጋር የሚዋሰነው መኝታ ቤት ውስጥም አድርጊ። ድክመቱንም ልንገርሽ፣ ይሄ ሙከራ እርጥብ ነው ሲልሽ እመኚው፣ ደረቅ ነው ሲልሽ ግን ሙሉ ለሙሉ አትመኚው፣ የላይኛውን እንጂ የጥልቁን አያውቅም። በጋ ላይ ብቻ ሞክረሽ ደረቅ ነው ብለሽም አትዘናጊ፣ ስሩ ፕላስቲክ የሌለው ወለል የሚፈተነው ነሐሴ ላይ ነው።

መላው ከውጭ ነው የሚጀምረው። አሸንዳው ውሃውን ግድግዳ ስር እየደፋ፣ የግቢው አፈር ከወለሉ እኩል ሆኖ ስለ ፓርኬ ማውራት ዋጋ የለውም። የግቢው መሬት ከቤቱ እንዲሸሽ አስደልድዪው፣ ዙሪያውን ቦይ አስወጪ፣ የአሸንዳው ቱቦም ወደ ቦዩ ይግባ። ከኮላም ከእንጨትም በፊት ለዚህ አውጪ፣ ርካሹም እሱ ነው። ቀጥሎ ሊሾው ከደረቀ በኋላ ላዩን በማሽን ፈተግ አስደርገሽ አቧራውን አስጠርገሽ ለእርጥበት መከላከያ የተሰራ ኢፖክሲ ሁለት ጊዜ ይቀባል፣ የመጀመሪያው ወደ አንድ አቅጣጫ ሁለተኛው አቋርጦት። ሁለተኛው ሳይደርቅ ደረቅ ንጹህ አሸዋ ይበተንበታል፣ ኮላው የሚነክሰው እንዲያገኝ። ቆርቆሮው ላይ እስከ ስንት ፐርሰንት እርጥበት እንደሚችል ተጽፏል፣ አንብቢው፣ ኢፖክሲም ተአምር አይሰራም፣ ክረምት ላይ ውሃ የሚያቁር ቦታ ላይ ከተሰራ ቤት ግን እኔ ራሴ ፓርኬ አልነጥፍም፣ ሴራሚክ አድርጉና ምንጣፍ አንጥፉበት ብዬ ነው የምመልሳቸው። ሬንጅ ቀብተን ላዩ ላይ እንለጥፋለን የሚሉም አሉ፣ ድሮ ፓርኬ በትኩስ ሬንጅ ይለጠፍ ስለነበር ነው፣ ያ ራሱ ሬንጁ ነበር ኮላው። ሬንጅ ቀብቶ ነጭ ኮላ መደረብ ግን በዘይት ላይ ፕላስተር እንደመለጠፍ ነው፣ ሁለቱ አይዋደዱም።

አሁን ወደ ወቅቱ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እንጨት በቁመቱ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ በወርዱ ነው የሚያብጠውና የሚኮማተረው። በጥቅሉ የእንጨቱ እርጥበት 1 ፐርሰንት በጨመረ ቁጥር ወርዱ ሩብ ፐርሰንት ገደማ ይሰፋል፣ እንደ እንጨቱ ዓይነት ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ትንሽ ትመስላለች አይደል? ከበጋ ወደ ክረምት እርጥበቱ በ4 ፐርሰንት ቢጨምር ወርዱ በ1 ፐርሰንት ሰፋ ማለት ነው፣ 4 ሜትር ክፍል ላይ 1 ፐርሰንት 4 ሳንቲ ነው። ኮላው ይይዘዋል፣ በየመጋጠሚያው ያለው ክፍተትም ትንሽ ይውጥለታል፣ ስለዚህ ሙሉው 4 ሳንቲ አይወጣም፣ ግን ጉልበቱ እዛው አለ፣ የሆነ ቦታ መውጣቱ አይቀርም።

ይሄን በመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ሙያውን በጀመርኩ ሰሞን ባህር ዳር ላይ አንድ ሳሎን መጋቢት ውስጥ ነጠፍኩ፣ እንጨቱ እንደ ዳቦ ቆሎ ደርቋል፣ የቤቱ ባለቤት ግድግዳው ጋ የተተወው ክፍተት አስጠላኝ ድፈንልኝ አሉ፣ እኔም ልጅ ነበርኩ እሺ ብዬ ግድግዳ ድረስ አስጠግቼ በሰጋቱራና በኮላ ጥርቅም አድርጌ ደፈንኩት። አምሮ ነበር መቼም። ነሐሴ ላይ ተደወለልኝ፣ ሄጄ ሳየው የሳሎኑ መሃል እንደ ድንኳን ተነስቷል፣ ስሩ ድመት ያሳልፋል። በገዛ ገንዘቤ ነቅዬ ደግሜ ነጠፍኩት። ተቃራኒውንም አይቻለሁ፣ ክረምት ላይ የተነጠፈ ፓርኬ የካቲት ሲደርስ በየመሃሉ ተከፋፍቶ ሳንቲም ይውጣል። ስለዚህ በጣም ደረቁንም በጣም እርጥቡንም ወር ትተሽ መሃሉን ያዢ፣ እኛ አገር ከህዳር አጋማሽ እስከ ጥር ማለት ነው። የፓርኬ እንጨት እርጥበት የአውሮፓው ደረጃ ከ7 እስከ 11 ፐርሰንት ይላል፣ ግን እነሱ ቤታቸው ማሞቂያ አለው፣ ማሞቂያ ለሌለው ለማርቆስ ቤት እኔ ከ10 እስከ 12 ቢሆን እመርጣለሁ። በየዙሪያው ግድግዳ ጋ ከ1 እስከ 1 ተኩል ሳንቲ ክፍተት ይተዋል፣ በር ስርም ጭምር፣ ግድግዳው ስር ዙሪያውን የሚመታው ቀጭን ጣውላ፣ ዞኮሎው፣ ይሸፍነዋል፣ ዞኮሎው ደግሞ ግድግዳው ላይ ነው የሚመታው እንጂ ፓርኬው ላይ አይደለም።

አንቺ ጋ ቢሆን ረጅም ጣውላ አልመርጥም፣ አጫጭሩን በዚግዛግ ነው የማስነጥፈው። ለጌጥ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ዚግዛግ ሲነጠፍ የእንጨቱ ወርድ ወደ ሁለት አቅጣጫ ስለሚከፋፈል ግፊቱ ወደ አንድ ግድግዳ አይጠራቀምም። የድሮ ቤቶች ፓርኬ ስንት ዘመን የቆየው አንዱ በዚህ ነው።

ወደ እንጨቱ ልምጣ። የአባትሽ ዋንዛ ጥሩ ዕቃ ነው፣ 6 ዓመት ጣራ ስር ከመሬት ከፍ ብሎ በየመሃሉ አየር እንዲገባ ተደርድሮ ከሆነ የተቀመጠው ደርቋል፣ ዋንዛ ደግሞ ከደረቀ ብዙ አያስቸግርም። ግን ለስላሳ ነው። በር፣ ቁምሳጥን፣ አልጋ ሲሆን የሚወደድለት ልስላሴው ወለል ላይ ሲሆን ጠላቱ ነው፣ ሳሎን ውስጥ የወንበር እግር ሲጎተትበት የእንግዳ ሂል ጫማ ሲረግጠው በዓመቱ ተወቃቅሮ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ ለሁለቱ መኝታ ቤትና ለዞኮሎው ይሁን፣ ለሳሎን አይሆንም። ከመሰንጠቁ በፊት ነቀዝ እንዳልገባው እዪ፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነገርና ከስሯ ዱቄት የመሰለ ካየሽ ያንን ጣውላ ለይው። ጣውላው ፓርኬ እስኪሆን ግማሽ ገደማው ሰጋቱራና ቁርጥራጭ ሆኖ እንደሚቀር አስበሽ ቁጠሪው። ደግሞ ዋንዛ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጽድ ጋር በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሏቸው ከነበሩት ዛፎች አንዱ ነው፣ አዋጁ ከዛ ወዲህ በሌላ ቢተካም ያባትሽ የጓሮ ዛፍም ቢሆን የባለቤትነትና የማዘዋወሪያ ወረቀት ሳትይዢ ከደንበጫ ብትጭኚው ኬላ ላይ ጣጣ ነው።

ባህር ዛፍ ይጣመማል የሚሉሽ ግማሹን እውነት ነው የነገሩሽ። ውስጡ ውጥረት ያለበት እንጨት ነው፣ እርጥቡን ሰንጥቀሽ ፀሐይ ላይ ካሰጣሽው ይጠማዘዛል ይሰነጠቃል። ቀስ ብሎ ጥላ ስር ደርቆ ከዛ ወይ ምድጃ ገብቶ፣ አጠር ተደርጎ ወንዴና ሴቴ (የአንዱ ጠርዝ ሌላው ውስጥ እንዲገባ) የወጣለት ባህር ዛፍ ግን ለሳሎን ከዋንዛ በብዙ ይሻላል፣ ጠንካራ ነው። ደጋው ላይ በብዛት ያለው ነጭ ባህር ዛፍ ነው፣ ወደ ወይና ደጋውና ቆላው ወረድ ሲባል ቀዩ አለ፣ ቀዩን ካገኘሽ እሱን ውሰጂ፣ ምስጥንም ከነጩ የተሻለ ይቋቋማል። ሻጩን መቼ ተሰነጠቀ ብለሽ ጠይቂ፣ በአየር ለሚደርቅ እንጨት 2 ሳንቲ ተኩል ውፍረት ላለው አንድ ዓመት ነው ሂሳቡ። ቃሉን ብቻ አትመኚ፣ ከተለያየ እሽግ ሦስት አራት ቁራጭ አምጪና በኩሽና ሚዛን መዝኚ፣ ከዛ ኦቨን ውስጥ 100 ዲግሪ ትንሽ አለፍ አድርገሽ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቂው። ለምሳሌ 224 ግራም ገብቶ 200 ላይ ከቆመ፣ የጠፋው 24 ግራም ለ200 ሲካፈል 12 ፐርሰንት ነው እርጥበቱ። 18 ወይ 20 ከመጣ ሻጩ አጎትሽም ቢሆን መልሺለት። ብቻ ኦቨኑ ጋ ቁሚ፣ ጥለሽው ገበያ እንዳትሄጂ።

የቻይና ፓርኬ የሚሉት ላሚኔት ነው፣ ፓርኬ አይደለም። የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት ላይ የእንጨት ፎቶ ተለጥፎ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው፣ ሲያረጅ ተፍቆ አይታደስም፣ በመጋጠሚያው ውሃ ከገባ ጠርዙ ያብጥና እንዳበጠ ይቀራል። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፣ ለመኝታ ቤት ጥሩ አገልግሎት ይሰጣል፣ ግን በስሙ ይሸጥ። ላዩ ከ3 እስከ 4 ሚሊ እውነተኛ እንጨት ሆኖ ስሩ እንደ ኮምፐልሳቶ የተደራረበ ሌላ ዓይነትም አለ፣ እሱ ንቅናቄው ትንሽ ስለሆነ ለብርድና ለዝናብ አገር ይመቻል፣ አንዴ ሁለቴም ይፋቃል። በርካሽ አለ ያሉሽ ግን እሱን አይደለም፣ በእርግጠኝነት።

ነጭ ኮላ ላይ አጭር ነኝ። ነጭ ኮላ ውሃ አለው፣ ስትለጥፊው ውሃውን ለእንጨቱ ይሰጠዋል፣ ትንንሽ ስስ ቁራጭ ላይ ያስኬዳል፣ ወፍራም ባህር ዛፍ ላይ ግን በቂ አይደለም፣ ሲደርቅ ድርቅ ብሎ ይቀራል፣ እንጨቱ ሲንቀሳቀስ ይላቀቃል። ኢፖክሲ የተቀባ ወለል ላይ ደግሞ ውሃው የሚሄድበት ስለሌለ ጭራሽ አይሆንም። ለፓርኬ የተሰራውን የፖሊዩሬታን ኮላ ግዢ፣ በካሬ ከ1 እስከ 1.3 ኪሎ ይበላል፣ ለ62 ካሬ ከ62 እስከ 80 ኪሎ ማለት ነው። ዋጋው እንደሚያስደነግጥሽ አውቃለሁ፣ እንጨቱ ላይ ከምትቆጥቢ እዚህ ላይ ብታወጪ ይሻላል። ጥርስ ባለው ስፓቱላ ወለሉ ሙሉ ይቀባል፣ አንዳንዱ ሰራተኛ በየጥጉ ጠብ ጠብ እያደረገ ይለጥፋል፣ ከሦስት ወር በኋላ ስትረግጪው ኳ ኳ የሚለው እሱ ነው። ሁለት ሜትር ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ወለሉ ላይ አስቀምጪና ከስሩ ከ3 ሚሊ በላይ ክፍተት ካየሽ ሊሾው መጀመሪያ ይስተካከል፣ ኮላ ጉድጓድ መሙያ አይደለም።

ከተለጠፈ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ይረፍ። ከዛ መፋቅ ነው፣ በትልቁ ማሽን ከ40 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ በ60 አልፎ እስከ 100 ወይ 120፣ ቁጥር ዘለው ከ40 ቀጥታ 100 የሚገቡ አሉ፣ ጭረቱ ቫርኒሽ ሲቀባ ነው የሚታየው፣ ያኔ ረፍዷል። ቫርኒሹ ሦስት እጅ ይሁን፣ በየመሃሉ በቀጭን ወረቀት ዳበስ እየተደረገ። ሲቀባ ቤት ውስጥ ከሰልም ሲጋራም አይግባ፣ ሽታው ራሱ እሳት ይይዛል። በተልባ ዘይት የሚሰራ ቅባት ከመረጥሽ የተጠረገበትን ጨርቅ አጣጥፋችሁ ጥግ ላይ እንዳትጥሉት፣ ያለ ክብሪት በራሱ ይቀጣጠላል፣ ውሃ ውስጥ ንከሩት ወይ ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት። ምስጥ ይከላከላል ተብሎ ከስር የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት የሚባለውንም ተዪው፣ ኮላ አያስይዝም፣ ሽታውም ዓመት አይለቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አይነግርሽም። በዓል ሲሆን ቄጠማ ጎዝጉዘሽ ቡና ማፍላትሽ አይቀርም፣ እርጥብ ቄጠማ ፓርኬ ላይ ሲያድር ጥቁር እድፍ ይተዋል፣ የከሰል ፍንጣሪም ቫርኒሹን ይበሳዋል። የቡናውን ቦታ ለይተሽ በር አካባቢ ሦስት አራት ካሬ ሴራሚክ አድርጊው፣ አምሮ ይሰራል፣ እኔ ብዙ ቤት እንደዛ አድርጌያለሁ። ፓርኬ በባልዲ ውሃ አይታጠብም፣ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይበቃዋል።

በኔ በኩል የምልሽ ቁርጥ ያለ ነው፣ አሁን አታስነጥፊ። ክረምቱን በቦዩና በአሸንዳው ተጠቀሚበት፣ ነሐሴ ላይ የፕላስቲኩን ሙከራ አድርጊ፣ ውጤቱንም ፎቶ አንሺው። ጥቅምት ላይ በድጋሚ ሞክሪና ደርቆ ከሆነ ኢፖክሲው ይቀባ፣ ነሐሴ ላይ ላብ ባታዪም ይቀባ፣ ስሩ ፕላስቲክ የለማ። እንጨቱ ህዳር መጀመሪያ ላይ ገብቶ እዛው የሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ እሽጉ ተፈትቶ አየር በሚያስገባ አደራደር ሁለት ሳምንት ይክረም፣ ያኔ በርና መስኮት መገጠም፣ ልስንም ቀለምም ማለቅ አለበት፣ የልስን ውሃ ራሱ ቤቱን ያረጥበዋል። ከዛ ሳሎኑ በቀይ ባህር ዛፍ ዚግዛግ፣ መኝታ ቤቶቹ በአባትሽ ዋንዛ ይነጠፉ። ለቁርጥራጭና ለብልሽት ከካሬው 10 ፐርሰንት ጨምረሽ ግዢ፣ የተረፈውን አትጣዪው፣ አንድ ቀን አንዷ ስትበላሽ ያንኑ ቀለም ገበያ ላይ አታገኚውም።

ሰራተኛው እስከ ህዳር አልጠብቅም ካለ የእስካሁኑን ሂሳቡን ስጪውና ይሂድ። አይ እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ ካለሽ ደግሞ ነሐሴ ላይ ቢነሳ ነቅሎ በራሱ ወጪ እንደሚነጥፍ፣ እንጨቱንም ጭምር፣ ወረቀት ላይ እንዲፈርምልሽ ጠይቂው፣ የሚፈርም አይመስለኝም።